የዳግም ትንሣኤ ሙሽሮች

ሕይወት የደወለችልኝ በፋሲካ ማግስት ነው። የባሌ እህት ናት፤ ከቆሰበር ወደ ጥሊሊ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ከእናትና ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ኔትወርክ ያለው ከቤታቸው በላይ ካለው ዳገት ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ እያለከለከች ነው የምታወራኝ።

«አባባ ለዳግም ትንሣኤ ሊቆርብ ነው» አለችኝ።

«እሰይ።»

«እሰይ አትበይ። እማማ እምቢ ብላለች። እሱ ደግሞ ያለ እሷ አልቀርብም ብሏል። ዮዲት፣ አንቺን ትሰማ ይሆናል።»

እኔንም እንደማይሰሙኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም እመጣለሁ አልኳት። እምቢ ለማለትም ጉልበት ያስፈልጋል።

አማቴ አባባ አወቀ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነበር ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው የተመለሱት። ሐኪሙ ሕይወትን ለብቻዋ ጠርቶ «የሚወዱትን እያበላችሁ ተንከባከቧቸው» ብሏታል። የዚህን ቃል ትርጉም በእኛ አገር የማያውቀው ሕፃን ብቻ ነው። እርሳቸውም ሳይነገራቸው ገባቸው። ቤት እንደደረሱ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ገብረ ማርያምን አስጠርተው ንስሐ ገቡ።

እርሳቸውና እማማ በቀለች የተጋቡት በሰማንያ ነው። እንደ አብዛኛው የአገሩ ሰው ቁርባንን ለእርጅና አቆይተውት ኖሩ። ባልና ሚስት አብረው ሲቆርቡ ትዳራቸው እንደ አዲስ ይታሰራል፤ ያ ቀን ሠርጋቸው ነው። አባባ ከመሄዳቸው በፊት የፈለጉት ይህንን ብቻ ነበር። ሆዳቸው አብጦ፣ እግራቸው ቀጥኖ፣ ከአንድ እሑድ እስከሚቀጥለው እሑድ መድረሳቸው የማይታወቅ ሰው ሠርግ ይደግሱ ጀመር።

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ሐሙስ ጠዋት ተነሣሁ። ከቤቴ እስከ ዳንግላ መናኸሪያ በጋሪ ሄድኩ። መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ልብሴን ስታይ ቆይታ «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ።

«ባለቤቴ።»

«እግዜር ያጥናሽ። በቅርቡ ነው?»

«ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።»

ሴትዮዋ እንደገና ከሉን አየችው። ከል በዓመቱ ይወልቃል፤ እኔ አላወለቅሁም። ትንሽ ቆይታ ከዘንቢሏ ሎሚ አውጥታ ሰጠችኝ፤ መኪና ያዞረኝ መስሏት ይሆናል።

ቤቱ ስደርስ አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጋቢ ደርበዋል፣ ከታች ፍራሽ ተነጥፎላቸዋል። እጃቸውን ስስም ግንባሬን ሳሙኝና «መጣሽ? ሽማግሌ ሆነሽ ነው የተላክሽው አሉ» አሉኝ።

«ማን ነው የላከኝ?»

«ሙሽራዋ እምቢ አለች። ድሮም እንዲሁ ናት። ያን ጊዜ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ አስልካኛለች። አሁን ግን ሦስት ጊዜ ለመላክ ጊዜ የለኝም፤ ቶሎ ጨርሺልኝ።»

ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ሕይወት ውኃ አመጣችላቸው። ሳሉ ሲበርድ የጠያቂውን ብዛት ያወሩልኝ ጀመር።

«እኔ እኮ ዕድለኛ ነኝ። ሁሉም እየመጣ ይሰናበተኛል። በድንበር ስንት ዓመት ሲከሰኝ የኖረው አየነው እንኳ አንድ ማዳበሪያ ድንች ተሸክሞ መጣ። ‹ምነው?› ብለው ‹ምናልባት እዚያ ቀድመኸኝ ብትከሰኝ› አይለኝ መሰለሽ።»

እማማ በቀለችን ከጓሮ አገኘኋቸው። ለዘር የሚሆን ድንች ይመርጣሉ፤ ያበቀለውን ወደ አንድ ወገን፣ የበሰበሰውን ወደ ሌላ። የለበሱት ከል ከመታጠብ ብዛት ቡኒ ሆኗል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ጎናቸው ተቀምጬ መምረጥ ጀመርኩ። ሁለታችንም ወሬ አናበዛም፤ ለዚህ ነው የምንስማማው።

«ልትነግሪኝ የመጣሽውን አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«እሺ፣ አልነግርዎትም።»

«ልጄ ያልቀመሰውን እኔ አልቀምስም።»

ድንቹን አስቀመጥኩ።

«ስንቅ ሳይዝ ነው የሄደው» አሉ። «ያሳደገው አባቱ ሥጋ ወደሙ ሊቀበል፣ የወለድኩት እኔ ልቀበል፤ እሱ ባዶ አፉን። በምን ዓይኔ አያለሁ? ደግሞስ በከል ሙሽራ አለ?» በእጃቸው የያዙትን ድንች አገላበጡ። «አንቺ ነበርሽ አጠገቡ። ምን ብሎ ሞተ?»

ይህንን ጥያቄ በመጣሁ ቁጥር ይጠይቁኛል። እኔም ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው።

«በሰላም ዐረፈ፣ እማማ።»

«እሱንማ ሬዲዮም ይለዋል» አሉና ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

ባሌ ዓለምነው የሞተው ባሕር ዳር ሆስፒታል ነው። ትኩሳት ይዞት ገባ፣ ኩላሊቱ ደከመ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር በላይ በላዩ ሆነ። ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ስልክም ተቋርጦ ነበር። አስከሬኑን ይዤ ዳንግላ ድረስ መመለሴም እንደ ተአምር ተቆጠረ፤ እዚያው ቀበርነው። እናትና አባቱ የሰሙት ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። አፈር አላለበሱትም፣ ፊቱንም አላዩም። ለእናቱ የቀረላቸው ያ ጥያቄ ብቻ ነበር።

መልሱን ግን እኔም አላውቀውም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ዓይኑን ገልጦ ነበር የተናገረው። በአገውኛ። ያንኑ ቃል ደገመው፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረም። እኔ አገውኛ አልሰማም። አብረን በኖርንበት ዘመን ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነበር፤ አገውኛ የእናቱ ቤት ቋንቋ ነው። ቃሉን ግን ያዝኩት። ተማሪ ዳዊትን በቃሉ ይዞ ትርጓሜውን ሳያውቅ እንደሚደግመው፣ እኔም በየጠዋቱ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በልቤ እለው ነበር። ዳንግላ ውስጥ ተርጓሚ ሞልቷል። ማንንም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ለእኔ የተባለ እንዳልሆነ ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ። ትርጉሙ እስካልታወቀ ድረስ የእኔ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቄስ ገብረ ማርያም መጡ። ከደጋ ዳሞት የመጡ ሰው ናቸው፤ እዚህ ብዙ ዓመት ቢኖሩም ከሰላምታ በላይ አገውኛ አይዘልቃቸውም። እማማን አስቀምጠው በለሆሳስ መከሯቸው፤ በዓለ ሃምሳ የደስታ ጊዜ እንደሆነ፣ ስግደት እንኳ እንደማይሰገድበት፣ ሐዘንም ልክ እንዳለው ነገሯቸው። እማማ መሬት መሬት እያዩ አዳመጡ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ ሲጨርሱ። «መንገድ ተዘግቶበት ቄስ ያላገኘ ሰው ወዴት ይሄዳል?»

«መንገዱን የዘጋው እሱ አይደለም። እግዚአብሔር ደግሞ ኬላ የለበትም» አሉ ቄሱ።

«ደግ ነው» አሉ እማማ። ፊታቸው ግን እንደነበረ ነው። ቄሱ ሲወጡ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እምነት የላቸውም አልልም። ግን የሚጨብጡት ፈልገዋል። እኔ ዘንድ የለም» አሉኝ። የሆነ ነገር ዐውቀው ይሁን በደፈናው፣ እስካሁን አልገባኝም።

ቅዳሜ አባባ ደከሙ። ምሳ ሰዓት ላይ እህል አልቀምስም አሉ፤ ለሕመምተኛ ይቀልላል ብንላቸውም እምቢ አሉ። «እሷ ሐሳቧን ብትለውጥ እኔ በልቼ ልገኝ?» አሉ። ወደ ውስጥ አስገብተን አስተኛናቸው። ሕይወት ከብት ልታጠጣ ወጣች። እማማ ከእግራቸው በኩል ተቀመጡ፤ እኔ በራሳቸው በኩል።

«በቀለች» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«አቤት።»

«እኔ አልቆጣሽም። ነገ ካልሆነ ነገ አይሁን። ግን ብቻዬን አልቀርብም። ስኖር አብረሽኝ ኖረሽ፣ እዚያ ደጅ ላይ ማን ናት ሚስትህ ሲሉኝ ሰማንያዋን እቤት ረስቻታለሁ ልበል?»

«ቀልድህን ተው።»

«ቀልድ አይደለም። ስንብቱ ደስ እንዲለኝ ነው የፈለግሁት። ሰው ሠርጉ ላይ ደስ ይለዋል፤ መሰናበቻው ላይ ለምን አይለውም? እኔ ወደ ክፉ ቦታ እሄዳለሁ ብዬ አላስብም።»

የእማማ ጣት የጋቢውን ጫፍ ይፈትላል። ከፊታቸው ላይ የማየውን አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ መስታወት ውስጥ የማየው ነው። ደከመኝ። በእርሳቸው አይደለም፣ በራሴም አይደለም፤ በመያዝ ነው የደከመኝ።

«እማማ» አልኩ፣ «ልንገርዎት። ቄስ አልመጣም። አልቆረበም። ያሰቡት እውነት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሊነጋጋ ሲል ግን በአገውኛ ተናገረ። ምን እንደሆነ አላውቅም። እንደሰማሁት ልበልዎት።»

አልኩት። ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አባባ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ድገሚው» አሉ እማማ።

ደገምኩት። እማማ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተነሥቼ ልይዛቸው ስል ግን የሚስቁ መሆናቸውን አየሁ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ ይስቃሉ።

«‹ፈረሱን ያዙልኝ› ነው ያለው» አሉ።

«ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት ይሆናል፣ ፈረሱን ያዙልኝ ነዋ። አባቱ ከቆሰበር ገበያ ሲመለስ ከአጥሩ በር ሳይደርስ ይጣራ ነበር፤ ቤት ያለ ሰው ወጥቶ ልጓሙን ይይዝለታል። ያ ልጅ ይህን አይቶ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንጨት ጋልቦ ይመጣል። በሩ ላይ ይቆምና ፈረሱን ያዙልኝ ይላል። እጄ ጭቃ ሆነ፣ ሥራ በዛብኝ፣ እሱ ምን ገዶት። ወጥቼ ያንን እንጨት ካልያዝኩለት አይወርድም።»

ከቤታቸው ፈረስ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኗል። ዓለምነው ይህንን ነግሮኝ አያውቅም።

«ለማን ነው ያለው?» አልኩ። የፈራሁትን ጥያቄ ነው የጠየቅሁት።

እማማ አዩኝ። ምን እንደጠየቅኋቸው የገባቸው ይመስለኛል። «አጠገቡ ላለ ሰው ነው የሚባል» አሉ ረጋ ብለው። «አንቺ ነበርሽ።»

«አይደለም» አሉ አባባ ከትራሳቸው።

«ምኑ ነው አይደለም?»

«ያዙልኝ አላለም። እሷ የተናገረችው ‹ፈረሱን ልቀቁት› ነው።»

«አንተ ጆሮህ ከታመመ ቆይቷል።»

«የታመመው ሆዴ ነው፣ ጆሮዬ ደኅና ነው። ልጄ፣ እስቲ አንዴ በይው።»

ሦስተኛ ጊዜ አልኩት። እማማ «ይኸው» አሉ። አባባም «ይኸው» አሉ። የቃሉ መጨረሻ ላይ ነበር ጠቡ፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ሲያዳምጡኝ መጨረሻው ከራሴም ጠፋብኝ። አራተኛ ጊዜ በይ ብለውኝ አልቻልኩም። ያን ያህል ጊዜ ጠብቄ ያቆየሁት ነገር በሁለት ሽማግሌዎች ክርክር መካከል ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ። ያሳዝነኛል ብዬ ነበር። ከጀርባዬ ሸክም ያወረዱልኝ ያህል ሆንኩ እንጂ።

«ልቀቁት የሚባለው መቼ ነው?» አልኳቸው አባባን።

«ኮርቻው ሲፈታ ነዋ። ሣር ይጋጥ፣ ልቀቁት ይባላል። ከዚያ በኋላ ጉዞ የለም።»

«ያዙልኝስ?»

«ደጅ ሲደረስ» አሉ እማማ። «ሰው መንገድ ላይ ሆኖ ፈረሱን ያዙልኝ አይልም።» ይህን ብለው ቆም አሉ። የተናገሩትን መልሰው ያዳመጡት መሰለኝ። «ደርሶ ነው እንግዲህ» አሉ።

«እኔ ምን አልኩሽ» አሉ አባባ።

«አንተ ሌላ ነው ያልክ።»

«ደርሷል ነው ያልኩ።»

ከውጭ ሕይወት ከብቶቹን ስታስገባ ይሰማል።

«እኔ ደጅ አልነበርኩም» አሉ እማማ። «አባቱም አልነበረም። የያዘለት ግን አለ። ስንቅም ከሆነ፣ ጌታ ራሱ ወጥቶ የተቀበለው ስንቅ ያጣል?» ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አይታወቅም። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ሕይወት፣ ነጩን ቀሚስ ከሳጥን አውጪልኝ። ወደ ቄሱም ሰው ላኪ፤ ንስሐዬን ሳይመሽ ይቀበሉኝ።»

ከሉን ራሳቸው አወለቁት። አጥፈው በእጃቸው እንደያዙት ወደ እኔ ዞሩ።

«የአንቺንስ ላውልቅልሽ?»

«ዛሬ አይሁን፣ እማማ።»

«እሺ። ነጠላሽ ግን ነጭ ይሁን። ሙሽራ ይዘሽ መሆንሽን ሰው ይወቅልሽ።»

እሑድ ገና ሳይነጋ አባባን ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ተነሣን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል። ቅዝቃዜው እንዳይጎዳቸው እስከ ፊታቸው ድረስ ጋቢ አለበስናቸው፤ ስህተቱ የመጣው ከዚህ ነው። በአገሩ ልማድ ቀብር ያገኘ ሰው ጥቂት ሳይሸኝ አያልፍም። ከየቤቱ የሚወጣው ሁሉ ቃሬዛውን እያየ፣ ከነጠላዬ ሥር የሚታየውን ጥቁር ቀሚስ እያየ፣ ባርኔጣውን እያወለቀ ከኋላችን ይሰለፍ ጀመር። እማማ ሊቆርቡ ነውና አፋቸውን ዘግተው፣ ተሸካሚዎቹም ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ማንም አላረመም።

ከወንዙ ጋ ስንደርስ አየነው ከማሳው ብቅ አለ። ጋቢውን አጣፋ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎኔ መጣና በሹክሹክታ «መቼ ዐረፉ?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ከጋቢው ውስጥ ድምፅ መጣ። «ምን ታንሾካሹካለህ፣ አየነው? ጮክ ብለህ አልቅስ፤ እንዴት እንደምታለቅስልኝ ልስማው።»

አየነው ወደ ኋላ ሲል ከጭቃው ሊወድቅ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በሰንበት ሰው ታስደነግጣለህ?»

«ሠርጌ ነው። ዝም ብለህ ተሸከም።»

ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ቃሬዛውን አውርደው ቆሙ። አየነው ፊቱን በጋቢው ጠረገ፣ ከአንደኛው ወጣት ላይ እንጨቱን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገ። የተሰለፉት ሰዎችም አልተመለሱም፤ ለቀብር የመጡት ለሠርግ ቀጠሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብዙ አላስታውስም፤ ድካም ነበረኝ። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ሲመልስ ከግድግዳው ጋር ተጠግቼ ቆሜ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ አባባን ሁለት ሰዎች ደግፈው አቀረቧቸው። እማማ ከጎናቸው ቆሙ፤ ነጩ ቀሚስ በእርጅና ካጠረው ቁመታቸው ረዝሞ መሬት ይነካል። ሁለቱ ተከታትለው ተቀበሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲመለሱ፣ ከአፍ በላይ ያለው ፊታቸው ብቻ ይታየኝ ነበር። የአባባ ፊት ላይ ሕመሙ እንዳለ ነው። የእማማ ግን ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ፊት ነበር፤ ዓለምነው የማንን ዓይን እንደወሰደ ያን ቀን አወቅሁ።

ስንመለስ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። አባባ ቃሬዛው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ተኝተው ይሁን ደክሟቸው አናውቅም። የመኪናው መንገድ ጋ ስንደርስ ከቆሰበር በኩል የሠርግ መኪኖች መጡ፤ ዳግም ትንሣኤ ነው፣ አገሩ በሙሉ ሠርግ ነው። አበባ የተለጠፈበት ሚኒባስ ከፊት፣ ባጃጆች ከኋላ፤ ጥሩምባውና ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማል። ሲያዩን ሾፌሩ ዘፈኑን አጠፋ። መኪኖቹ ዳር ያዙ። የሚያጨበጭቡት ልጃገረዶች ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡ፤ አንድ ሚዜ ወርዶ እጁን አጣምሮ ቆመ። ሙሽራዋ በመስኮቱ አቀርቅራለች። ሁሉም ጸጥ አለ። የሰው ደስታ ያቋረጥን ያህል ተሰማኝ፤ ምን ብዬ እንደማስረዳቸውም አላወቅሁም።

እማማ በቀለች ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። እልል አሉ።

የተሰነጠቀ ድምፅ ነበር። ልጃገረዶቹ ተያዩ። ቃሬዛውን አዩ፣ የእኔን ጥቁር ልብስ አዩ፣ የሴትዮዋን ነጭ ቀሚስ አዩ። እማማ ሁለተኛ እልል አሉ። አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከጋቢው ሥር አንድ እጃቸውን አወጡና ወደ መኪኖቹ አወዛወዙ።

ከባጃጁ አንዷ ልጅ መለሰች። ከዚያ ሁሉም። ጥሩምባው ተነፋ።

እኔም ሞከርኩ። ድምፄ መጀመሪያ አልወጣም፤ ሲወጣም አጭርና ሻካራ ነበር። እማማ ዞር ብለው አዩኝ።

«ዝጎብሻል» አሉኝ። «ግን ይሰማል።»